ጨለማና ብርሃን በአንድ ፎቶ፤ የኤች.ዲ.አር ሶፍትዌር እንዴት እንምረጥ?

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና አካባቢዋ መፍረስ ሲጀምሩ፣ የእናቴ ታላቅ እህት ከአርባ ዓመት በላይ የኖሩበትን ቤት ለቀው ለመውጣት ጥቂት ቀናት ብቻ ቀርተዋቸው ነበር። እትዬ (ሁላችንም የምንጠራቸው እንዲህ ነው) ዕቃቸውን ማሸግ ከመጀመራቸው በፊት ካሜራዬንና ትራይፖዴን ይዤ ሄድኩ። ሳሎኑ አንድ መስኮት ብቻ ነበረው። እትዬ እንደ ልማዳቸው መስኮቱ ሥር ተቀመጡ። ቁም ሳጥኑ፣ ረከቦቱና ግድግዳው ላይ የተደረደሩት የቤተሰብ ፎቶዎች ግን ከክፍሉ ጥግ፣ ጨለማው ውስጥ ነበሩ።

ካሜራውን ለክፍሉ ሳስተካክል መስኮቱ ነጭ ወረቀት ይሆናል። ለመስኮቱ ሳስተካክል ደግሞ ክፍሉ ከሰል ይመስላል። ዓይኔ ሁለቱንም እያየ ካሜራው ግን አንዱን ብቻ ምረጥ ይለኛል። ስለዚህ አምስት ፎቶ አከታትዬ አነሳሁ፤ ካሜራው ሳይነቃነቅ፣ የብርሃኑ መጠን ብቻ እየተለወጠ። ቤቱ ዛሬ የለም። ተመልሼ ላነሳው አልችልም። የቀሩኝ እነዚያ አምስት ፋይሎች ናቸው፤ እነሱን አዋህጄ አንድ ፎቶ የሚያወጣልኝ ሶፍትዌር ፍለጋ ደግሞ ወራት ፈጀብኝ። በዚህ ጽሑፍ የማካፍላችሁ በዚያ ፍለጋ የተማርኩትን ነው።

ኤች.ዲ.አር ምንድን ነው?

ኤች.ዲ.አር የእንግሊዝኛ ቃላት ምህጻር ሲሆን፣ ፍቺው በአንድ ትዕይንት ውስጥ በጣም ብሩህ በሆነውና በጣም ጨለማ በሆነው መካከል ያለውን ሰፊ ልዩነት በፎቶ መያዝ ማለት ነው። ልዩነቱ የሚለካው በ“ስቶፕ” ነው። አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ በእጥፍ ጨመረ፣ ወይም በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። በእትዬ ሳሎን መስኮቱን በደንብ የሚያሳየው ፍጥነት 1/250ኛ ሰከንድ ሲሆን፣ ጥጉን የሚያሳየው ግን ሙሉ 1 ሰከንድ ነበር። ይህ የ250 እጥፍ፣ ማለትም የ8 ስቶፕ ያህል ልዩነት ነው። እኔ በሁለት ሁለት ስቶፕ እየዘለልኩ በ1/250ኛ፣ በ1/60ኛ፣ በ1/15ኛ፣ በ1/4ኛና በ1 ሰከንድ አነሳሁ። አፐርቸሩን አልነካሁትም፤ እሱ ከተለወጠ የጥራቱ ጥልቀት ስለሚለወጥ ፎቶዎቹ እርስ በርስ አይገጥሙም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለ ግሬ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ የባሕር ላይ ፎቶዎችን ሲሠራ ሰማዩንና ውኃውን ለየብቻ አንስቶ ሁለቱን ኔጋቲቮች በአንድ ወረቀት ላይ ያትም ነበር። በኮምፒውተር ዘመን ደግሞ ፖል ዴብቬክና ጂቴንድራ ማሊክ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት፣ በተለያየ መጠን ከተነሱ ፎቶዎች የትዕይንቱን እውነተኛ የብርሃን መጠን ማስላት የሚቻልበትን መንገድ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ፎቶሾፕ ሲ.ኤስ.2 ይህንን ሥራ ብዙ ሰው እጅ ላይ አደረሰው።

መጀመሪያ፤ በእርግጥ ያስፈልግዎታል?

ሶፍትዌር ከመግዛትዎ በፊት ይህንን ጥያቄ ይመልሱ። አንድ የጄፔግ ፎቶ ለእያንዳንዱ ቀለም የሚይዘው 256 ደረጃ ብቻ ነው። ካሜራዎ በ“ሮው” ፎርማት በ14 ቢት ሲያነሳ ግን 16,384 ደረጃ ይይዛል። የዛሬዎቹ ጥሩ ካሜራዎች ከአንድ የሮው ፋይል ብቻ የጠቆረውን ጥግ በብዙ መልኩ ማውጣት ይችላሉ። ከቤት ውጪ፣ በደመናማ ቀን ወይም ፀሐይ ከጀርባዎ ሆና ለሚያነሱት ፎቶ አንድ ሮው ፋይል በአብዛኛው ይበቃል።

የእጅ ስልክዎም ይህንን ሥራ ሳይነግርዎት ይሠራል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2010 ለአይፎን 4 የኤች.ዲ.አር አማራጭ ጨምሯል። የጉግል ኤች.ዲ.አር ፕላስ የተባለው ዘዴ ደግሞ ብዙ ጨለም ያሉ ፎቶዎችን በቅጽበት አከታትሎ አንስቶ ያዋህዳል። ለፌስቡክና ለቴሌግራም ከሆነ ስልኩ ከበቂ በላይ ነው።

ብዙ ፎቶ ማዋሃድ የሚያስፈልገው ልዩነቱ ከካሜራው አቅም ሲያልፍ ነው፤ መስኮቱ የሚያንጸባርቅ ክፍል፣ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትን የመሰለ ውስጡ ጨለማ በሩ ብርሃን የሆነ ሕንፃ፣ ለሆቴልና ለሪል ስቴት ማስታወቂያ የሚነሳ የውስጥ ክፍል፣ እንዲሁም ፀሐይን ፊት ለፊት ያደረገ የመሬት ገጽታ። የእትዬ ሳሎን ከዚህ ምድብ ነበር።

ሦስቱ የማዋሃጃ መንገዶች

ሶፍትዌሮቹ በስም ብዙ ቢሆኑም ሥራቸው በሦስት መንገድ ይጠቃለላል። ይህንን ልዩነት ያወቀ ሰው ምርጫው ግማሽ በግማሽ ቀለለለት ማለት ነው።

የመጀመሪያው “ቶን ማፒንግ” የሚባለው ነው። ፕሮግራሙ ፎቶዎቹን አዋህዶ የ32 ቢት ፋይል ይሠራል፤ ይህ ፋይል የትዕይንቱን ብርሃን በሙሉ ቢይዝም ተራ ስክሪንና ወረቀት ሊያሳዩት አይችሉም። ስለዚህ ሰፊው ብርሃን ተጨምቆ ስክሪኑ ሊያሳየው ወደሚችለው ልክ ይወርዳል። ጨመቃው የሚካሄድበት ስሌት ፎቶውን ውብም አስቀያሚም ያደርገዋል።

ሁለተኛው “ኤክስፖዠር ፊውዥን” ነው። ቶም ሜርተንስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባቀረቡት በዚህ ዘዴ 32 ቢት የሚባል ነገር የለም። ፕሮግራሙ ከእያንዳንዱ ፎቶ በደንብ የታየውን ክፍል እየመረጠ ያዋህዳል። ውጤቱ ብዙ ጊዜ ለዓይን የተፈጥሮ ይመስላል፤ በኋላ ለማስተካከል የሚተወው ነፃነት ግን ያነሰ ነው።

ሦስተኛው ሮው ፋይሎቹን አዋህዶ መልሶ አንድ ትልቅ ሮው የመሰለ ፋይል፣ በአብዛኛው ዲ.ኤን.ጂ፣ መስጠት ነው። ከዚያ በኋላ እንደ ማንኛውም ሮው ፋይል በእጅዎ ያስተካክሉታል። ፕሮግራሙ ውበት አይጨምርም፣ አያበላሽምም።

የመጀመሪያው ሙከራዬ

የሠራሁት የመጀመሪያ ፎቶ በቶን ማፒንግ ነበር። መቆጣጠሪያዎቹን ሁሉ ወደ ቀኝ ገፋኋቸው። ጥጉ ፏ ብሎ ታየ፣ የጣውላው ወለል ፍም መሰለ፣ ግድግዳው ቢጫና አረንጓዴ ሆነ፣ በመስኮቱ ዙሪያ ነጭ አክሊል ወጣ። እኔ ግን ተደነቅሁ። አሳትሜም እትዬ ወደ ተዛወሩበት ኮንዶሚኒየም ወሰድኩላቸው።

መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩትና “አንተ፣ ይኼ የማን ቤት ነው?” አሉኝ። የእርስዎ ነው እንጂ፣ እትዬ፣ ብላቸው “የኔ ቤት ጥግ ጥጉ ጨለማ ነበር። ጨለማውን የት አደረስከው?” አሉ።

ስለ ኤች.ዲ.አር ካነበብኳቸው መመሪያዎች ሁሉ ይህ አባባል በለጠብኝ። ክፍሉን ክፍል የሚያደርገው ብርሃኑ ብቻ አይደለም፤ ጥላውም ነው። ሁሉም ነገር እኩል የሚታይበት ፎቶ ዓይን የት እንደሚያርፍ አያውቅም። ስለዚህ ሶፍትዌር ስትመርጡ “ስንት ነገር ያደምቃል?” ብላችሁ አትጠይቁ፤ “ልኩ ላይ እንድቆም ይፈቅድልኛል ወይ?” በሉ።

ምን እንመልከት?

ከዚህ በኋላ ፍለጋዬን በሥርዓት ጀመርኩ። ለማንኛውም ፕሮግራም የማቀርባቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፤ “ጎስቲንግ”ን እንዴት ያስወግዳል? ፎቶዎቹ በአንድ ቅጽበት ስላልተነሱ የተንቀሳቀሰ ነገር ሁሉ በውጤቱ ላይ እንደ መንፈስ ተደራርቦ ይወጣል። እትዬ በአምስቱ ፎቶዎች መካከል ራሳቸውን ዞር አድርገው ነበርና በመጀመሪያው ውጤት ላይ ሁለት ፊት ነበራቸው። አንዳንዱ ፕሮግራም በራሱ ብቻ ያጠፋዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ቦታውን በእጅ ከብበን “ለዚህ ክፍል ይህኛውን ፎቶ ተጠቀም” እንድንለው ይፈቅዳል። ሰው ያለበት ፎቶ ከሆነ ሁለተኛው ዓይነት ዋጋው ትልቅ ነው።

ሁለተኛ፤ ፎቶዎቹን ያገጣጥማል ወይ? ያለ ትራይፖድ፣ በእጅ ይዘው ያነሱ ከሆነ ይህ የግድ ነው።

ሦስተኛ፤ የካሜራዎን ሮው ፋይል ያነባል ወይ? አዲስ ካሜራ ገዝተው አሮጌ ሶፍትዌር ከያዙ ላያነበው ይችላል።

አራተኛ፤ ኮምፒውተርዎ ይችለዋል ወይ? የ24 ሜጋፒክሰል ፎቶ በ32 ቢት ሲሆን ለሦስቱ ቀለሞች ወደ 288 ሜጋባይት ማስታወሻ ይይዛል። አምስቱ አንድ ላይ ሲከፈቱ 1.4 ጊጋባይት ይደርሳሉ፤ ፕሮግራሙ ለሥራው የሚፈልገው ገና አልተቆጠረም። ራሙ 4 ጊጋባይት የሆነ ላፕቶፕ ላይ መብራት እስኪጠፋ መጠበቅ ሊሆን ይችላል።

አምስተኛ፤ አከፋፈሉ እንዴት ነው? አንድ ጊዜ ተከፍሎ የራስ የሚሆን አለ፣ በየወሩ ወይም በየዓመቱ የሚከፈልበት አለ፣ ነፃም አለ። ከአዲስ አበባ ሆኖ በየወሩ በዶላር መክፈል ለብዙዎቻችን ቀላል እንዳልሆነ የታወቀ ነው። ክፍያው ሲቋረጥ ሥራዎ በምን ሁኔታ ላይ እንደሚቀር አስቀድመው ይወቁ።

ስድስተኛ፤ ብዙ ፎቶ በአንድ ጊዜ ይሠራል ወይ? አንድ ሆቴል አርባ ክፍል ካለው ሁለት መቶ ፋይል በእጅ አንድ በአንድ ማዋሃድ አይታሰብም።

ገበያው ላይ ምን አለ?

ፎቶማቲክስ፦ በዚህ ሥራ ከቆዩት አንዱ ነው፤ አንድ ጊዜ ተከፍሎበት የራስ ይሆናል። ቶን ማፒንግንም ኤክስፖዠር ፊውዥንንም ይዟል፣ ብዙ ፎቶዎችን በአንድ ትእዛዝ ይሠራል፣ ጎስቲንግንም በእጅ ከብቦ ለማስወገድ ያስችላል። የሙከራው እትም ጊዜ የማይገድበው ሆኖ በውጤቱ ላይ ምልክት ያትማል። ከሁሉ ይበልጥ አደገኛውም እሱ ነው፤ እኔ ቢጫና አረንጓዴውን ግድግዳ የሠራሁት በዚህ ዓይነት መቆጣጠሪያ ነበር። የዘይት ቅብ የሚመስሉትን ዝግጁ ምርጫዎች ትተው “ተፈጥሯዊ” ከሚሉት ይጀምሩ።

ላይትሩም፦ እ.ኤ.አ. በ2015 የማዋሃጃ ትእዛዝ ተጨመረለት። ሦስተኛውን መንገድ ይከተላል፤ ውጤቱ ዲ.ኤን.ጂ ሲሆን ብርሃኑን ከተለመደው 5 ይልቅ እስከ 10 ስቶፕ ወደላይና ወደታች መግፋት ያስችላል። ጎስቲንግን በሦስት ደረጃ ያስወግዳል፤ የትኛው ፎቶ ለየትኛው ቦታ እንደሚወሰድ ግን መምረጥ አይቻልም። ዛሬ የሚገኘው በክፍያ ኮንትራት ብቻ ነው። ለፎቶ ሥራችሁ አስቀድማችሁ የምትከፍሉ ከሆነ ሌላ ነገር ለመግዛት አትቸኩሉ፤ በእጃችሁ ያለው ብዙውን ሥራ ይሸፍናል።

አፊኒቲ፦ ለዓመታት አንድ ጊዜ ተከፍሎበት የሚገዛ ነበር። ካንቫ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ገዝቶት፣ በ2025 መጨረሻ ላይ በነፃ እንዲገኝ አድርጎታል። ለመጠቀም አካውንት መክፈት ያስፈልጋል። ፎቶዎቹን በ32 ቢት አዋህዶ ቶን ማፒንግ ይሠራል። ፎቶሾፕን ለሚያውቅ ሰው አዲስ አይሆንበትም።

ኦሮራና ኒክ፦ እነዚህን የማነሳቸው ለማስጠንቀቂያ ነው። ኦሮራ ኤች.ዲ.አር በጊዜው ብዙ የተወራለት ነበር፤ ዛሬ ግን ልማቱ ቆሞ፣ ተመሳሳይ ሥራ ሉሚናር ኒዮ በተባለው ሌላ ፕሮግራም ውስጥ ገብቷል። የኒክ ፕሮግራሞችን ደግሞ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2012 ገዛቸው፣ በ2016 በነፃ ለቀቃቸው፣ በ2017 ዲ.ኤክስ.ኦ ወሰዳቸው፣ እንደገናም የሚሸጡ ሆኑ። ሶፍትዌር ባለቤት ይለውጣል፤ ሥራዎ በአንድ ድርጅት ፎርማት ብቻ እንዳይታሰር ውጤቱን ሁልጊዜ በቲፍም ያስቀምጡ።

ነፃዎቹ፦ ሉሚናንስ ኤች.ዲ.አር ብዙ ዓይነት የቶን ማፒንግ ስሌቶችን ጎን ለጎን እንድታነጻጽሩ ያስችላል፤ ለመማር ከእሱ የተሻለ አላገኘሁም። ሁጊን የተባለው የፓኖራማ ፕሮግራም ኤንፊውዝን ይዞ ይመጣል፤ ኤክስፖዠር ፊውዥንን የሚሠራው እሱ ነው፣ ደካማ ኮምፒውተር ላይም ይሄዳል። ኤች.ዲ.አር መርጅ ሮው ፋይሎችን አዋህዶ ዲ.ኤን.ጂ ይሰጣል። ዳርክቴብልም እንዲሁ ያደርጋል፤ ፎቶዎቹ ግን በትራይፖድ የተነሱ መሆን አለባቸው። የእነዚህ ሁሉ ችግር ገጽታቸው ለጀማሪ የማይመች መሆኑ ነው። ትዕግሥት ይጠይቃሉ እንጂ ዶላር አይጠይቁም።

ስለ “ክራክ” አንድ ቃል

ይህንን ሳልናገር ባልፍ ሐቀኛ አልሆንም። በፍለጋዬ መሐል ከአንድ ሱቅ ዋጋው ከቡና የማይበልጥ ክራክ የተደረገ ፕሮግራም በፍላሽ አስጭኜ ነበር። ለመጫን አንቲቫይረሱን አጥፋ አለኝ፤ አጠፋሁ። በማግስቱ ጠዋት ፎቶዎቼ ሁሉ የማላውቀው ቅጥያ ተለጥፎባቸው አልከፈት አሉ። የእትዬ ሳሎን አምስቱ ፋይሎችም አብረው ሄዱ።

የዳኑት ፎቶውን ባነሳሁ ዕለት ማታ ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ገልብጬ እናቴ ቤት ስላስቀመጥኳቸው ብቻ ነው። የፈረሰ ቤት ፎቶ ዋጋው በዶላር አይተመንም። ነፃውን መጠቀም ወይም ምልክት በሚያትመው የሙከራ እትም መማር ሲቻል እኔ የሠራሁትን ስህተት አትድገሙ። ደግሞም ኦሪጅናሎቹን ቢያንስ በሁለት ቦታ ሳታስቀምጡ ምንም ዓይነት ፕሮግራም አትክፈቱባቸው።

እንዴት እንሞክር?

ድረ ገጾች ላይ የሚታዩት የማስታወቂያ ፎቶዎች ለሻጩ እንዲመቹ የተመረጡ ናቸው። በራስዎ ፎቶ ይሞክሩ። ሦስት ዓይነት ያዘጋጁ፤ አንዱ መስኮት ያለው ክፍል፣ አንዱ የሰው ፊት ያለበት፣ አንዱ ቅጠሉ በንፋስ የሚወዛወዝ ዛፍ ያለበት። ሁሉንም ፕሮግራሞች በእነዚሁ ይፈትኗቸው። ከዚያም እስከ 100 በመቶ አጉልተው ሦስት ነገር ይዩ፤ ጨለማና ብርሃን በሚገናኙበት ጠርዝ ነጭ አክሊል አለ ወይ? ጥላው ውስጥ የቀለም ፍንጣቂ ጫጫታ በዝቷል ወይ? የሰው ቆዳ ቀለም የሰው ይመስላል ወይ? ውጤቱን ዘግተው በማግስቱ ድጋሚ ይመልከቱት። ማታ ያማረ ኤች.ዲ.አር ጠዋት ሲያዩት ያሳፍራል።

አንድ የስም መመሳሰልም ግራ እንዳያጋባዎት። ዛሬ “ኤች.ዲ.አር” የሚለው ስም ከተለመደው በላይ ለሚያበሩ ስክሪኖችም ያገለግላል። እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ አንድሮይድ 14 እና ላይትሩም ለእንዲህ ዓይነት ስክሪኖች የሚሆን ፎቶ ይደግፋሉ። ይህ ከላይ ካልነው ጨመቃ የተለየ ነው። ለማተሚያ ቤት የሚሄድ ሥራ ካለዎት ይህ አማራጭ መዘጋቱን ያረጋግጡ፤ አለዚያ በስክሪን ያዩትና በወረቀት የሚወጣው አይገናኙም።

የኔ ምርጫ

በመጨረሻ ለየሥራው ለየቅል ሆነብኝ። ሰው ለሌለበት የውስጥ ክፍል ሮው ፋይሎቹን ወደ ዲ.ኤን.ጂ የሚያዋህደውን መንገድ እመርጣለሁ፤ ወጪ ማውጣት ለማይፈልግ ኤች.ዲ.አር መርጅና ዳርክቴብል ይበቁታል። ለብዛት ሥራና ሰው ላለበት ፎቶ በእጅ ከብቦ መምረጥ የሚያስችለው ፎቶማቲክስ ገንዘቡን ያወጣል። ለጀማሪ ግን የምመክረው ኤንፊውዝን ነው፤ ለማጋነን የሚመች መቆጣጠሪያ ስለሌለው ከራሳችን ይጠብቀናል።

የእትዬን ፎቶ እንደገና ሠራሁት። ክፍሉን በኤክስፖዠር ፊውዥን አዋሃድኩ። ለእትዬ ፊት ግን በ1/15ኛ ሰከንድ የተነሳውን ብቻ መረጥኩ፤ መስኮቱ ሥር ስለነበሩ ብርሃኑ ይበቃቸዋል፣ በአንድ ሰከንዱ ላይ ግን ደብዝዘው ነበር። የቁም ሳጥኑን ጥግ ሆን ብዬ ጨለማ አድርጌ ተውኩት። ግድግዳው ላይ ያሉት ፎቶዎች የማን እንደሆኑ ለሚያውቅ ብቻ ይታያሉ።

ይህኛውን ሳሳያቸው ምንም አላሉም። ከኮንዶሚኒየሙ መስኮት ፊት ለፊት ካለው ግድግዳ ላይ ምስማር እንድመታ በጣታቸው ቦታውን አሳዩኝ።